የኑርሀያት አልጋና የእኔ ሽፍታ

ነሐሴ 9፣ አዋሽ አርባ

ገና ከአዋሽ ወጣ እንዳልኩ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ። ረዳት የለኝም፣ አልፈልግምም። ረዳት ማለት ግማሹን መንገድ ተኝቶ ግማሹን ሲበላ የሚደርስ ሰው ነው። ማስጠንቀቂያ አንጸባራቂዬን ባለፈው ወር ሰርቀውኛል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ቅጠል ልደረድር ወረድኩ። እሾሃሙን ዛፍ ማን ይነካል? መንገድ ዳር ነጭ አበባ ያላት ለስላሳ አረም ሞልታለች። ወገብ ድረስ ትደርሳለች። በእጄ እየነቀልኩ ከፊትም ከኋላም ደረደርኩ። አንዱ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሰርግ አለ ወይ ብሎኝ አለፈ። ድንጋይ ደርድሮ ሳያነሳ የሚሄደው እንዲህ ዓይነቱ ነው። እኔ አነሳሁ። ጥሩ ጥሩውን በገመድ አስሬ ከመቀመጫው ኋላ ወረወርኩት… ብልህ ሰው ሁለት ጊዜ አይነቅልም።

ነገ ሰመራ። ኑርሀያት።

ነሐሴ 10፣ ሰመራ

ወንድሟ እሺ አለ። ኒካሁ ጥቅምት 9 ይሁን ተባለ። በአርባ ስድስት ዓመቴ… ማን ያምናል?

እዚያው ቤቷ፣ ከእንግዳ አልጋዎቹ በአንዱ አደርኩ። ስድስት አልጋ አላት፣ ለሹፌር ታከራያለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ፤ ከባቲ መጥታ ብቻዋን ነው ያቆመችው። ወንድሟ ብዙ ያወራል፣ አንዱም የሚረባ አይደለም። ታግሼ ሰማሁት።

ነሐሴ 12፣ ዲቾቶ

ያሳክከኛል። ሁለቱም ክንዴ፣ አንገቴም። ቀይ ሽፍታ፣ አንዳንዱ በመስመር የወጣ፣ ውሃ የቋጠረ። ምን ነካኝ? ምግብ? እዚህ የሚበላው ሁሉ ይጠረጠራል፣ ግን ምግብ ክንድ መርጦ አይመታም። የት ነበር የተኛሁት? ሰመራ።

ትኋን ነው።

ነሐሴ 15፣ ገዋኔ

ሻይ ቤቱ በሐኪም ተሞልቷል። አንዱ ምች ነው፣ ዳማ ከሴ እሸው አለኝ። ገዋኔ ላይ ዳማ ከሴ ከየት ይመጣል? አንዱ ሸረሪት ሸንታብህ ነው አለ። ይሄን ሁሉ ከሸናች ሸረሪት አይደለችም፣ ግመል ናት። ሦስተኛው ፊቱን አጨልሞ፣ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ሰውየው አበቃለት አለ። የግራ ክንዴና የቀኝ ክንዴ የት ላይ ይገናኛሉ ብዬ ጠየቅኩት። ተቀየመ።

ዝም ላሰኛቸው ብዬ እኔው ተናገርኩ። የሰመራ ትኋን ነው አልኩ። የማን ቤት? አሉኝ… የኑርሀያት። እውነት ነዋ። እውነት የሚናገር ሰው ምን ይፈራል? ከዚያ በኋላ ስለ አልማዝ የሚያወራ ጠፋ። ሁሉም ነገ ማታ የት እንደሚያድር መመካከር ጀመረ።

ነሐሴ 18፣ አዋሽ

መካኒኩ ትግሉ ጋራዥ ገባሁ። ፍሬኑን እያየልኝ ናፍጣ ተቀባ ይለኛል። እሱ ዕድሜውን ናፍጣ ውስጥ ኖሮ አሳክኮት አያውቅም። ቢያሳክከውስ ከዚያ ሁሉ ቅባት ሥር በምን ያውቀዋል?

እኔ ጅል አይደለሁም። በረኪና በጥብጬ ታጠብኩበት። ቆዳዬ ተላጠ፣ አቃጠለኝ… የማያቃጥል መድኃኒት ምኑን መድኃኒት ሆነ።

ነሐሴ 22፣ ሰመራ

ነገርኳት። በጨዋ ደንብ ነው የጀመርኩት፤ አልጋሽ ትኋን አለበት አልኳት። ክንዴን አየች። ስድስቱንም ፍራሽ እየጎተተች ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አወጣች። ስፌቱን ገልብጣ ያዘችልኝ።

"ፈልግ" አለችኝ።

ፈለግኩ። የለም። ትኋን ቀን ቀን ይደበቃል አልኳት። ሌላ ማንን አሳከከው አለችኝ፤ የሌላው ሹፌር ቆዳ ጎማ ነው አልኩ።

"ለሰው ተናግረሃል?"

ክንዴን አከክኩ። ገዋኔ ብቻ ነው… አዳይቱም ትንሽ። እሺ፣ ዲቾቶም። ፍራሾቹን አንድ በአንድ ስትመልስ ቆሜ አየኋት። ማገዝ ነበረብኝ? ጥፋቱ የማን ሆነና።

ጳጉሜ 2፣ መንገድ ላይ

አሥር ቀን ሆነኝ፣ የሰው አልጋ አልነካሁም። ጋቢና ውስጥ፣ ፎጣዬን ተንተርሼ ነው የማድረው። ብሶበታል። አሁን ፊቴም ጀመረው፣ የዓይኔ ቆብም። ከዚያች ቤት ምን ዓይነት ነገር ቢይዘኝ ነው እስከ መኪናዬ የተከተለኝ?

መስከረም 3፣ አዳይቱ

ሰመራ የሚያድሩት ሹፌሮች አልፈው ሎጊያ ማደር ጀምረዋል። ቤቷን "የትኋኗ ሴትዮ ቤት" ይሉታል። ትናንት ከስድስቱ የተያዘው አንድ አልጋ ነው አሉ። ወንድሟ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም።

እኔ ትኋን ነው ያልኩት። የትኋኗ ሴትዮ አላልኩም። ልዩነት አለው… የለውም?

መስከረም 8፣ አዋሽ

ግራ ዓይኔ አብጦ አልገለጥ አለ። ትግሉ እየሳቀ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ውባንች ትባላለች፣ ልጄ የምትሆን። ሥራዋን ላቅልልላት ብዬ ትኋን ነው አልኳት። የት እንደተኛሁ አልጠየቀችኝም። ምን እንደነካሁ ነው የጠየቀችኝ። ሹፌር መሪ እንጂ ምን ይነካል? አልኳት። እሷ ትከሻዬን ነው የምታየው። እዚያ ከጣልኩት ፎጣዬ ላይ አንዲት የደረቀች ነጭ አበባ በጓንቷ አነሳች።

"ይቺን ከየት አመጧት?"

…ከመቀመጫው ኋላ።

"ቅንጨ አረም ነው። አንዳንድ ሰው ቆዳ አይችለውም። ደርቆም ብናኙ አይምርም። ወር ሙሉ አብረውት እየተኙ ነው እኮ።"

ከዚያ ምክሯን አወረደችው። ያለ ጓንትና ያለ ረጅም እጅጌ አይንኩት። ከነኩት እዚያው በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ነገ እታጠባለሁ አይበሉ። ልብሱን ከሌላ ልብስ ጋር አያጥቡ። አያቃጥሉት፣ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይገባል። አይከኩ፤ ሲብስ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉበት። በረኪናውን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ሐኪሙ ዓይኔን አየው። የክንዱን ቅባት ስስ አድርጌ እንድቀባ፣ ወደ ዓይኔ እንዳላስጠጋው ተነገረኝ። ክኒኑ ያስተኛል፣ መሪ እንዳልይዝ።

ለሳሙና ይሄ ሁሉ ትምህርት ነው? ልላት ነበር። አላልኳትም። በገዛ እጄ ነቅዬ፣ በገዛ እጄ አስሬ፣ ከራስጌዬ አስቀምጬ… የገዋኔዎቹ ሐኪሞች ይሻሉ ነበር። እነሱ ቢያንስ ሸረሪትን ነው የከሰሱት።

መስከረም 16፣ አዋሽ

ጓንት አድርጌ እስሩን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ አርቄ ቀበርኩት። ጋቢናውን ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ ፎጣውን ጣልኩ። ሽፍታው እየከሰመ ነው። ትግሉ በናፍጣ ቢሆን በሦስት ቀን ይድን ነበር ይላል።

ደወልኩላት። አታነሳም።

መስከረም 20፣ ሰመራ

በሯ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አረሙን፣ ገመዱን፣ ነርሷን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውፍ በይኝ አልኳት። እጇ ላይ ያለውን አንሶላ አጥፋ እስክትጨርስ አላየችኝም።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ ትኋን እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ለነገርካቸው ንገር።"

መስከረም 25፣ ገዋኔ

ነገርኩ። ዲቾቶ በቀደም፣ አዳይቱ ትናንት፣ እዚህ ዛሬ። ሻይ ቤቱ መሀል ቆሜ፣ ትኋኑ እኔ ነበርኩ አልኳቸው። ስለ አልማዝ ባለጭራ ያወራው ሰውዬ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት። በየቀኑ የምንቀው ሰው ሲስቅብኝ ጥርሱ ሁሉ ይታያል… እስኪበቃቸው ቆምኩ። ከእንግዲህ ስሜ ቅንጨ ነው። አህመዲን የሚለኝ የለም።

ጥቅምት 9፣ ሰመራ

ዛሬ ነበር።

ሸሚዝ ቀይሬ፣ ተላጭቼ ሄድኩ። ግቢው በጫማ ሞልቷል። ስድስቱም አልጋ ተይዟል፣ ለሁለት ሰው ደግሞ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፋላቸዋለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወንድሟ ሰላም ብሎኝ ወጣ። ብዙ አለማውራቱን ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

ቁጭ በል አለችኝ። ውሃ ሰጠችኝ።

"ስሜን መልሰሃል፣ አላህ ይስጥህ። ቂም የለኝም። ኒካሁ ግን ይቅር።"

በሽፍታ ምክንያት? አልኳት። ሽፍታው እኮ ድኗል። ክንዴን አሳየኋት… ሞኝ።

"ክንድህ ሲያሳክክህ መጀመሪያ የጠረጠርከው እኔን ነው። ነገ ሆድህን ሲያምህስ? እኔ አብስዬልህ?"

ውሃውን ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩላት።

ኅዳር 4፣ ዲቾቶ

አንድ አዲስ ሹፌር አጠገቤ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በዚህ መስመር የሚሠራው፤ ሰመራ የት ይታደራል ብሎ ጠየቀኝ። ኑርሀያት ጋ አልኩት። ንጹሕ ቤት ነው፣ አንሶላው በየቀኑ ይታጠባል፣ ቀደም ብለህ ካልደረስክ አልጋ አታገኝም።

"አንተም እዚያ ነው የምታድረው?" አለኝ።

"እኔ ጋቢና ነው የማድረው" አልኩት።