የተገለበጠው ማኅተም

ለተከበሩ አባቴ ናጉሞ ዮሺሃሩ፤

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው ወይስ እንዳምናው ደረጃ ላይ ያስቸግርዎታል? እማማንስ ሳሉ ተዋት? አያቴ ቶዬ አሁንም ራዲዮኗን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትሰማው? ኮሄይ ትምህርቱን ይዟል ወይስ ቤዝቦሉ አሸነፈው? እናንተ ዘንድ በረዶው ሳይጀምር አይቀርም፤ እዚህ ገና ቅጠሉም አልረገፈም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በልቤም ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ለእርስዎ ደግሞ መዋሸቱ ይብቃኝ።

ስልክ ስደውል ሁልጊዜ የምታነሳው እማማ ናት። አባትሽ ገላውን እየታጠበ ነው ትለኛለች። ሁለት ወር ሙሉ ገላውን የሚታጠብ ሰው የለም፤ አኩርፈውኛል። ባለፈው ሳምንት እማማ በደብዳቤ ነገረችኝ። ከሒሳብ ክፍል ኃላፊነት አንስተው ወንዝ ማዶ ያለው መጋዘን እንዳስቀመጡዎት፣ ጠረጴዛ እንጂ ሥራ እንዳልሰጡዎት፣ እርስዎም ምሳዎን ይዘው በየማለዳው እንደ ድሮው ባቡር እንደሚሳፈሩ ጻፈችልኝ። እርስዎ እኔን ይጠረጥሩ ይሆናል እንጂ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

በአዲስ ዓመት ሰሞን ተሰብስበን የሩዝ ቂጣ ስንበላ፣ ሳኬ ቀመስ አድርገው ያጫወቱንን ያስታውሳሉ። ፈትል ፋብሪካውን ዘግቶ ሦስት መቶ ሴቶችን የሚያሰናብተው የውሳኔ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ በፊርማ ፈንታ ስሙ የተቀረጸበትን ማኅተም ወደ አለቃው ማኅተም ዘንበል አድርጎ፣ እጅ የሚነሳ አስመስሎ አተመ። እርስዎ ግን የራስዎን ገልብጠው አተሙ። አይቻለሁ፣ አልተስማማሁም ማለትዎ ነበር። «አፌ ባይደፍር ማኅተሜ በጭንቅላቱ ቆመልኝ» ብለው ሳቁ። አያቴም ልጄ በሃምሳ ዓመቱ ወንድ ወጣው ብላ ቀለደችብዎ።

ጸደይ ላይ ተመርቄ ደራሲው መምህር ኩሬባያሺ ዘንድ በረዳትነት ስቀጠር ከኔ ይልቅ የተደሰቱት እርስዎ ነበሩ። መጽሐፎቻቸውን ባቡር ላይ ሲያነቡ ነው የኖሩት። መምህር በአንድ ትልቅ ንግድ ድርጅት አሥራ አራት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያውን ልብወለድ የጻፉት ጎህ ሲቀድ እየተነሱ፣ ቢሮ እስኪገቡ ድረስ ነው። እስካሁን ሃያ ስድስት ጽፈዋል። ባንክ ሲከስር፣ ሚኒስትር ጉቦ ሲበላ፣ ፖለቲከኛ ከመሬት ደላላ ጋር ሲሻረክ፣ ከጋዜጠኛው እኩል እሳቸውም ይደርሳሉ። የኔ ሥራ ጋዜጣ መቁረጥና የፓርላማ ቃለ ጉባኤ መገልበጥ ነው። አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል እንዴ፣ እስኪ ቁጭ በይ ይሉኛል።

አንድ የማይጥሱት ደንብ አላቸው። ሰውን መጽሐፍ ውስጥ ሲያስገቡ ሦስት ልብስ ያለብሱታል፤ ስሙን፣ ከተማውንና ኩባንያው የሚሸጠውን ዕቃ ይለውጣሉ። ከዚያም የሚያስታውቅ ምልክት ካለው እሱንም ያጠፋሉ።

በተቀጠርኩ በወሩ ስለ ኩባንያ ወረቀት አሠራር ሲጠይቁኝ፣ የማውቀውን ሁሉ ማሳየት አማረኝና የማኅተሙን ነገር አነሳሁ። ከአባቴ ሰማሁ ብል እርስዎን የሚጎዳ መሰለኝ። ስለዚህ በአንዳንድ ኩባንያ እንዲህ ያለ ልማድ አለ አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው ድገሚልኝ አሉኝ። አባባ፣ የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

አባቴ ናቸው ብል ኖሮ ማኅተሙንም ያለብሱት ነበር። ልማድ ነው ስላልኳቸው ግን፣ ልማድን ማን ያለብሳል? እንዳለ ጻፉት። በጋው ሊያልቅ ሲል ያ ክፍል በሳምንታዊው መጽሔት ወጣ። ኩባንያው ሲሚንቶ ሻጭ፣ ከተማው የደቡብ ወደብ፣ ስሙ የሌላ ሰው ነው፤ ማኅተሙ ግን የእርስዎ። አለቆችዎ መዝገብ ቤት ገብተው ወረቀት ማገላበጥ ብቻ ነበር የቀራቸው። ስሸሽግዎት አጋለጥኩዎት።

የእማማ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ለመምህር ሁሉንም ነገርኳቸው። ታሪኩ በመጽሐፍ መልክ ማተሚያ ቤት ሊገባ ስለነበር አዘጋጁ አቶ ሙናካታም እዚያው ተቀምጠዋል። መምህር ስንት ሚኒስትር፣ ስንት የኩባንያ ፕሬዚዳንት እንደወጉ በጣታቸው ቆጠሩና «አንዳቸውም ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። እኔ ዛፉን እመታለሁ፣ የሚወድቀው ግን ሁልጊዜ የክፍል ኃላፊው ነው» አሉ። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ሲወጣ የገዛ የክፍል ኃላፊያቸው ከሥራ እንደተባረረ፣ በየአዲስ ዓመቱ ካርድ እንደሚልኩለት፣ አንድም ቀን መልስ እንዳላገኙ ያን ዕለት ሰማሁ።

አቶ ሙናካታ የማኅተሙ ገጽ ከተነሳ መጽሐፉ አከርካሪው ተሰበረ ማለት ነው እያሉ ለመኑ። መምህር ቀይ ብዕር አንስተው ከላይ እስከ ታች ሰረዙት። እኔን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለአባትሽ እኔ ከመጻፌ በፊት አንቺ ቅደሚ ብቻ አሉኝ። ሃያ ሰባተኛው የመጨረሻቸው ይሆናል እያሉ ነው፤ አቶ ሙናካታ ግን ይህን አሥር ጊዜ ሰምቻለሁ ይላሉ።

እኔማ የዚያኑ ዕለት ባቡር ተሳፍሬ የኩባንያችሁ ፕሬዚዳንት በር ላይ ልቆም ነበር። አባትሽ ልኮሻል ወይ ብለው መምህር አስቆሙኝ። ሥራውን ልተው ብዬም አሰብኩ። ግን አልደብቅዎትም፤ ይህን ሁሉ አጥፍቼም መጻፍ እፈልጋለሁ። ይህ ምኞቴ ራሱ ያሳፍረኛል።

ገጹ ተሰረዘ፤ እርስዎ ግን መጋዘን እንደተቀመጡ ነዎት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ለሠላሳ ዓመት ሥራዎ ቀለለብኝ። ዲሴምበር 29 ቀን በአሥር ሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ። ጣቢያ ቆመው ካየሁዎት፣ ሊቆጡኝም ቢሆን የመጡት፣ እንደ ምሕረት እቆጥረዋለሁ። ካላየሁዎት እቤት ድረስ መጥቼ ፊትዎን አላስጨንቅም፤ በሚቀጥለው ባቡር እመለሳለሁ።

እማማን እውነቱን ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ ይበሉልኝ። አያቴ ቶዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ምክንያቱን አይንገሯት። ኮሄይን የጠየቀኝን መዝገበ ቃላት ገዝቼለታለሁ ይበሉልኝ። አክስቴ ሳዋኮንም ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሺኖ

ቶኪዮ፣ ሱጊናሚ
ኖቬምበር 26 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.