ወደ ወይዘሮ ናካጋዋ በር የሚወስደው መንገድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለውድነሽ ሀይሌ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ አልለቅ ያለሽ ሳል ተወሽ ወይስ የፋብሪካው የቀለም ሽታ አሁንም ያስልሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? የላክሁላት ቅባት ደርሷት ከሆነ በሙቅ ውሃ ካሸችው በኋላ ነው የሚቀባው፤ እንደ ቅቤ አናቷ ላይ እንዳታደርገው አደራ። ባለቤትሽ ፊልሞን፣ ልጆቹ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሸዋረገድ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? እኛ፣ እኔም ምሥራቅም ናኦሚም፣ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነን። ምሥራቅ እዚያው የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ናኦሚ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት በቁመት እናቷን በልጣለች።

ፋብሪካው ለሦስት ወር የቀለም ሥልጠና ወደ ኦሳካ ሊልክሽ መሆኑን የሚናገረውን ደብዳቤሽን ሳነብ በደስታ ጮህኩ። ወዲያው ደግሞ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከኦሳካ እስከ ኪዮቶ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለትምህርት ሄዶ የቀረው መኳንንት ያለው ኪዮቶ ነው። ወንድማችን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ከእኛ ወገን አንድም ሰው አጠገቡ ቆሞ አያውቅም። እኔም ጭምር። ይህን ቃል ልብ በይው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፋብሪካው ለሥልጠና ይልክሻል፤ እኔ ግን የምልክሽ ወንድማችንን ይዘሽው እንድትመለሺ ነው። አከራዩ የነበሩት ወይዘሮ ናካጋዋ አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሰኔ ላይ ቤታቸውን ዘግተው ሩቅ ከተማ ወዳለች የእህታቸው ልጅ ዘንድ ይሄዳሉ። እሳቸው ከሄዱ በዚያ ሰፈር መኳንንት ማን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የመረከቢያው ወረቀት ላይ የሚፈርም የሥጋ ዘመድ ያስፈልጋል፤ ይህን ዕድል ካሳለፍነው ሌላ የሚመጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ መንገዱን ልንገርሽ። ይህን የምጽፍልሽ አውሮፕላን ማረፊያው ጓሮ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ መሪዬን ተደግፌ ነው። እኔ ሾፌር ነኝ፣ መንገድ የማስረዳው እንደ ሾፌር ነው። እዚህ ዳላስ ማፕስኮ የሚባል የካርታ መጽሐፍ አለን፤ ዋይሊ ሂድ ብትይኝም ማኪኒ ሂድ ብትይኝም ገጹን ገልጬ መንገዱን በስሙ አገኘዋለሁ። እዚያ ሀገር ግን አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ ቁጥሩም በተርታ አይሄድም። ሃያ ስድስት መንገደኛ ጠይቄ ነው የደረስኩት። በስም አትፈልጊ፣ በምታዪው ነገር ሂጂ።

ኪዮቶ ጣቢያ ወርደሽ ፊት ለፊት ስትወጪ አውቶቡሶች ተደርድረው ታያለሽ። 206 የሚለውን ያዢ። የሚገባው በኋላ በር ነው፤ የሚከፈለው ስትወርጂ ከሾፌሩ ጎን ካለው ሣጥን ውስጥ ነው። እኔ በፊት በር ገብቼ ሾፌሩን አስደነገጥኩት። ኪዮሚዙ-ሚቺ ሲባል ውረጂና ሽቅብ ውጪ። ባለ አምስት ፎቅ የእንጨት ግንብ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ይልልሻል፤ እሱን ዓይንሽ እንዳይለቀው። ታክሲ ከያዝሽ ደግሞ በሩን አትንኪ፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ ይከፍትልሻል፣ ይዘጋልሻል። ጉርሻም አትስጪ። በጉርሻ የማድር ሰው ስለሆንኩ ሳንቲም ትቼለት ብወርድ፣ ሰውየው በነጭ ጓንቱ ይዞት እየሮጠ መለሰልኝ። ዳላስ መጥቶ ቢያስተምርልኝ አልጠላም።

የምትሄጂው ለሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 3 ቀን ይሁን፤ ቀኑን የቆረጡት ወይዘሮ ናካጋዋ ናቸው፤ እንዳይለወጥ ብለዋል፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። የአበባቸው ወቅት ስለሆነ ከረፋድ በኋላ ሕዝቡ መንገዱን ይሞላዋል፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሺ። በመንገድሽ ያለው የድንጋይ ደረጃ ሳኔንዛካ ይባላል። እዚያ የወደቀ ሦስት ዓመት አይቆይም ይላሉ፤ እኔ አላምንበትም፣ አንቺ ግን ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጊ። ደግሞም በቀን አራት ጊዜ የምታወልቂው ስለሆነ ማሰሪያ የሌለው ይሁን፤ ካልሲሽም ቀዳዳ እንዳይኖረው። ጾም ላይ ስለሆንሽ ምግብ ያስቸግርሻል፤ አትክልት ነው ብለው የሚያቀርቡት ሾርባ እንኳ በደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው። መነኮሳቱ የሚበሉት ሾጂን የሚባል ምግብ አለ፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ እሱን ጠይቂ። ዳቦና ቆሎም ከቦርሳሽ አይጥፋ። እኔ ጴንጤው ስለ ጾም ምክር ስሰጥሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ።

ግንቡን በስተግራሽ ትተሽ ስታልፊ፣ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ ከሚሸጥበት ሱቅ ቀጥሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። ሦስተኛው በር የወይዘሮ ናካጋዋ ነው። በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ በቀጫጭን እንጨት የተፈረገረገ ነው። እስከዚህ ድረስ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አላውቀውም፤ ለምን እንደማላውቀው ዛሬ ልንገርሽ።

በ1989 ኅዳር እማዬ የወንድምህን መቃብር ሳላውቅ አልሙት ስላለችኝ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ኋላ ደውዬ የነገርኳችሁ ሁሉ ሐሰት ነው። በመኳንንት ደብዳቤዎች ላይ ካለው አድራሻ በቀር የያዝኩት ነገር የለም። ቀድሜ አልጻፍኩም፣ አልደወልኩም። ለቅሶ ይዘህ ስትመጣ መምጣትህን የምትናገረው የት ሀገር ነው ብዬ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ያን መተላለፊያ ገና ስገባ፣ በዚህ መንገድ እኮ በየቀኑ ይመላለስ ነበር አልኩ። በሩ ላይ ደርሼ ደረቴን እየመታሁ ወንድሜ፣ መኳንንቴ ብዬ ጮህኩ። ለስምንት ዓመት ያጠራቀምኩትን አንድ ጊዜ ለቀቅሁት።

በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ። ትንሽ ሽማግሌ ሴት አየሁ፤ ነጭ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማሁ። ጎረቤቶቹ ወጥተው ሁለት ክንዳቸውን በመስቀል አጣምረው አሳዩኝ። እኔ ሲባርኩኝ መስሎኝ የበለጠ አለቀስኩ፤ ለካስ አይሆንም ማለታቸው ነው። አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ፤ አልገፋኝም፣ አልተቆጣኝም፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎኝ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ቢገፋኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ወደ ዳላስ ተመለስኩ። ለእማዬም ደወልኩና መቃብሩን አየሁት፣ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከላዩ ዛፍ አለ አልኳት። እልል አለች። ውዴ፣ ያን እልልታ እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለምሥራቅም። ባለፈው መስከረም ናኦሚ ለትምህርት ቤት ስለ ቤተሰብ ጻፉ ተብላ ስለ አጎቷ ስትጠይቀኝ ከአፌ አመለጠኝና ነገርኳት። ሶ አባባ፣ ኮል ሳታደርግ ሄድክ? አለችኝ። አንድ ኦልድ ሌዲ ብቻዋን ሆና፣ በጣም ትልቅ ሰው መጥቶ ስክሪም እያደረገ፣ ማለቴ፣ እኔም እዘጋ ነበር አለች። ተቆጣኋት። እሷ ግን ክፍሏ ገብታ በእንግሊዝኛ ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ በእኔ ስም ጽፋ፣ ከመኳንንት ጋር የተነሣነውን ፎቶ አባዝታ አመጣችልኝ። ፈርም፣ ኦኬ? አለችኝ እንደ አለቃ። ፈረምኩ።

ኅዳር ላይ መልስ መጣ፤ የጻፈችው የወይዘሮዋ የእህት ልጅ ናት። እንዲህ ይላል። መኳንንት ታሞ ሲተኛ ወይዘሮ ናካጋዋ ጉንፋን ነው ብለው ሁለት ቀን እንዲያርፍ ተዉት፤ በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ አልተረፈም። አባባ ከሞተ ወዲህ በተዘጋው የፖስታ ሣጥናችን ከመርዶው በኋላ ሁለት ጊዜ ጽፈውልን ደብዳቤው ተመልሶባቸዋል። እኔ በራቸው ላይ ስጮህ፣ ወንድሜን ገደልሽው ልል የመጣሁ መስሏቸው ነበር የዘጉት። አሁን ደግሞ ከባዱን ልንገርሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። መቃብር የለም። በዚያ ሀገር ልማድ አስክሬኑ ተቃጥሎ አጥንቱ በሸክላ ማሰሮ ነው ያለው። ከቤታቸው ጀርባ ባለች ትንሽ ቤተ መቅደስ አስቀምጠውት፣ በየወሩ በሞተበት ቀን ሄደው ቦታውን ይጠርጋሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ውድነሽ። እናቱ ያላደረገችለትን ባዳ አደረገችለት።

እንግዲህ በሩ ላይ እንዲህ ሁኚ። መጥሪያውን አንዴ ብቻ ተጫኚና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቁሚ። ሲከፍቱ ጎንበስ በይ፣ ስምሽን ተናገሪ፣ ከዚያ ማኮ-ሳን በይ፤ መኳንንትን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ጫማሽን አውልቀሽ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሪው። እማዬ የሰፋችውን ትንሹን ሙዳይ በሁለት እጅሽ ስጫቸው፤ ፊትሽ ካልከፈቱት አትቀየሚ፣ ደንባቸው ነው። ፓስፖርትሽን ያዢ፤ የአባታችን ስም ከመኳንንት ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ያያሉ። የእማዬን ነጠላም ያዢ፤ ማሰሮውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስያዝ የእነሱም ወግ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አታልቅሺ። ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው። ከዚያ መተላለፊያ ወጥተሽ፣ አውቶቡስ ተሳፍረሽ፣ ክፍልሽ ስትገቢ አልቅሺ። በእኔ የደረሰው በአንቺ እንዳይደርስ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ማክሰኞ ነበር። ፖስታውን ሳላሽገው ዛሬ ዓርብ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አንቺ እንደምትሄጂ ስጽፍላቸው ቀኑን ብቻ ቆርጠው ልከው ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ሚያዝያ 3 እንዳይለወጥ ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ነው ያወቅሁት። በሰፈራቸው ጎረቤትን የሚረብሽ ነገር የሚያደርግ ሰው፣ ቤት የሚያድስም ቢሆን፣ አስቀድሞ በየቤቱ ዞሮ ትንሽ ስጦታ እየሰጠ ይቅርታ ይጠይቃል። ወይዘሮ ናካጋዋ በዚያ ዕድሜያቸው መተላለፊያውን በሙሉ በየበሩ እያንኳኩ ጣፋጭ አድለዋል። ሚያዝያ 3 ቀን ጠዋት በቤቴ ለቅሶ ይኖራል፣ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ታገሡኝ ብለዋል። የእህታቸው ልጅ የጻፈችውን ናኦሚ አነበበችልኝ፤ እኔም እንደምንም ልገልብጥልሽ። አክስቴ እንዲህ ትላለች፤ ያ ልጅ በዚህ ቤት ሲሞት ጮክ ብሎ ያለቀሰለት የለም፣ እኔ አልችልበትም፤ ወንድሙ ሲመጣ በሩን ዘጋሁበት። እህቱ ስትመጣ በሩ ክፍት ይሆናል፣ እንደ ሀገሯ ታልቅስለት።

ስለዚህ ከላይ አታልቅሺ ያልኩሽን ተይው። አልሰረዝኩትም፤ የፈራሁትን እንድታውቂው ብዬ ነው። ጫማሽን አውልቂ፣ ጎንበስ በይ፣ ሙዳዩን በሁለት እጅሽ ስጪ፤ ከዚያ በኋላ ግን አትቻይው። ለእማዬም ለአባባም አልቅሺ። እርሙን አውጪለት።

የመቃብሩን ውሸት አንቺ እንድትሸከሚልኝ አልፈልግም። ይህ ሲደርስሽ ለእማዬ ራሴ ደውዬ ነግሬያት ታገኚያታለሽ። ከደወልኩ በኋላ ካላናገረችኝ እውነት አላት፤ ነጠላዋን ግን አትከልክልሽ። ስለ ማሰሮው ቤተ ክርስቲያን የሚሉትን ከአባ ገብረ ሥላሴ ጋር ቀድመሽ ተመካከሪ።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ፊልሞንን ከልጆቹ ጋር ብቻውን ስለምትተዪው በርታ በይው። እትዬ ሸዋረገድን እንደምን ሰነበቱ ብሎዎታል በያቸው። ልጆቹን አንድ በአንድ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ምሥራቅና ናኦሚ በጣም ሰላም ይሉሻል። ለወይዘሮ ናካጋዋ ከወገብሽ ዝቅ ብለሽ እጅ ንሺልኝ። ለመኳንንትም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መንገሻ እስከ በሩ መጥቶ ነበር በይው።

ወንድምሽ መንገሻ ሀይሌ
አዲሰን፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ
የካቲት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.