«የምሬን ነው» በማለት ደንብ ስለጣሱት መምህራችን

ለተከበሩት የውጭ ቋንቋ ማሠልጠኛ ተቋማችን ዳይሬክተር
ከክፍላችን በላይ ባለው ፎቅ፣ መጋረጃው በማይገለጠው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የልብዎን። በወጉ ይመታል ወይ? ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱስ አያስቸግርዎትም? ይህን ለአፍ ያህል የጠየቅሁ እንዳይመስልዎት። በተቋምዎ ቅጥር ውስጥ ልቡን የታመመ ሰው ሕመሙን በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚፈቀድለት ካየን በኋላ፣ የእርስዎ ልብ እንዲህ ካለው የሥነ ሥርዓት ጉድለት ተጠብቆ እንዲኖር ከልብ ስለምመኝ ነው።

እኔ ከሥራ መልስ በሚሰጠው የጀማሪዎች ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር የምቀመጠው ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የምጠግናቸው ዕቃዎች መመሪያ ሁሉ እዚህ በምንማረው ቋንቋ ስለሚጻፍና በግምት ሽቦ መንካት ስለሰለቸኝ ነው የተመዘገብኩት። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ፣ በወርክሾፔ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጥኩ፣ ወረቀቱን በተጋደመ ፍሪጅ ጀርባ ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ ቢጣመም ይቅርታዎ አይለየኝ። መምህራችንን ለማሰናበት ወይም ላለማሰናበት የተቋቋመው ኮሚቴ ነገ ጠዋት እንደሚሰበሰብ ስለሰማሁና እስከዚያ ዝም ማለት ስላልቻልኩ፣ የእገዳው ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ከጎኑ ለጥፌዋለሁ። ብዙ የማመሰግንዎት ነገር ስላለ እንዳይደባለቅብኝ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ስለ ደንቡ አመሰግናለሁ። ክፍል ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የተናገረ ሰው፣ ሌላ ሰው አምልጦት እስኪተካው ድረስ በሩ አጠገብ ቆሞ እንዲማር የሚያዘው ደንብዎ፣ ልጆች አሳድገን የዳርን ሰዎችን ወደ ተማሪ ቤት ዕድሜያችን መልሶናል። በሩ ላይ የቆመ ነፃ የሚወጣው ሌላው ሲሳሳት ብቻ በመሆኑም፣ «ፍሬን» የምንለው የታክሲ ሹፌር ጓደኛችን አዲስ ሙያ አውጥቷል። በአጠገቡ የሚያልፈውን ሰው እግር ሳያውቅ የረገጠ መስሎ ጫን ያደርገዋል፤ ስሙም የወጣለት ከዚሁ የተነሣ ነው። እግሩ የተረገጠ ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ጎበዝ ተማሪ ቢሆን በተውሶ ቋንቋ አያቃስትም። «ወይኔ ጣቴን!» ይላል፣ ፍሬን እየሳቀ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ ባለ ጣቱም እያነከሰ በሩ ጋ ይቆማል።

በመክፈቻው ቀን ቋንቋ የሚለመደው እንደ ሕፃን ልጅ ነው፣ ሕፃን አስተርጓሚ የለውም ብለውን ነበር። ድንቅ ንግግር ነበር፤ ሁላችንም የተረዳነው በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ስላደረጉት ነው። ብቻ ሕፃን ልጅ በራሱ ቋንቋ ሲያለቅስ ወደ በሩ ሂድና ቁም የምትል እናት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም።

2ኛ. የመምህራችንን ችሎታ እንድናይ ስላበቁን አመሰግናለሁ። ሌላው መምህር በአንድ ቃል ተርጉሞ የሚያልፈውን ነገር፣ እኚህ ጸጉራቸው የሸበተ ትልቅ ሰው በሙሉ ሰውነታቸው ያስተምሩን ነበር። ዶሮ ሆነው ክንዳቸውን እያራገቡ በወንበሮቻችን መካከል ዞረዋል። ዝናብ የያዘው ሰው ሆነው ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ሮጠዋል። «ሞተ» የሚለውን ቃል የተማርነው እሳቸው ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ምላሳቸውን ሲያወጡ ነው፤ እኛ ስንስቅ እሳቸውም ሬሳ ሆነው ሳሉ ሳቃቸውን መቆጣጠር ያቅታቸው ነበር። የሚያስቸግረው የማይጨበጠው ቃል ነው። ስለ ትዕግሥት ሊያስተምሩን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ደብተሬ ላይ ደብቄ «ወንበር» ብዬ ጻፍኩ፣ እትዬ ነርስ የምንላቸው ጡረታ የወጡት ነርስ «ደክሞታል» ብለው ጻፉ፣ ፍሬን «የትራፊክ መብራት» ብሎ ጻፈ። መምህራችን ግን በመንገዱ ያምኑበታል፤ አንድ ቀን ይገባቸዋል እያሉ ነበር የሚለፉት። እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ ካደረጉ «ድገሙት፣ ጮክ ብላችሁ» ማለታቸው እንደሆነ ከማንም ሳንማር ገብቶናል፣ ይህንንም እንደ ሠለጠነ ሠራዊት እንፈጽም ነበር።

3ኛ. መምህራችን ደንብ ስለጣሱበት ቀን ትምህርት፣ ሥዕሉ ከዓይኔ ባይጠፋም፣ አመሰግናለሁ። ትምህርቱ ስለ መቀመጥ፣ ስለ መቆምና ስለ መውደቅ ነበር። መምህራችን ተቀመጡ፤ በኅብረት «ይቀመጣል» አልን። ተነሡ፤ «ይቆማል» አልን። ከዚያ ደረታቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ በሌላው የያዙት ጠመኔ በሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር እያሰመረ፣ ቀስ ብለው ወደ ወለሉ ወረዱ። እኛም «ይወድቃል» አልን፤ አንድም ሰው አልተሳሳተም። በዚያን ሰዓት ተራው ደርሶት በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ፍሬን እንዲህ ያለ አወዳደቅ አይቶ አያውቅምና አጨበጨበ። መምህራችን እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ክቡር ሆይ፣ ምን እንዳደረግን ሳይገምቱ አይቀሩም። ጮክ ብለን ደገምነው።

እትዬ ነርስ የመምህራችንን ፊት ሲያዩ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሐኪም ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ግን በደንቡ መሠረት በቋንቋው መናገር ነበረባቸው፣ የልብ ሕመም ደግሞ ያለው በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጣታቸውን አውጥተው ፈቃድና ቃል ይፈልጉ ነበር። ያን ጊዜ ነው መምህራችን ያን ከባድ ጥፋት የፈጸሙት። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን «ኧረ ጎበዝ፣ የምሬን ነው!» አሉ።

ደንብዎ ምን ያህል እንደሠረጸብን ይመልከቱልኝ። ይህን እንደሰማ ፍሬን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር ወደ ወንበሩ መሄድ ነው፤ ሌላ ሰው ተሳስቷልና ተራው የመምህሩ ነው ብሎ። መንገድ ላይ ቀና ሲል ፊታቸውን አየና ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተባለው ሁሉ፣ «ዞር በሉ አየር ይግባ» የተባለው፣ «መስኮቱን ክፈቱ»፣ «ቀስ፣ ራሳቸውን ደግፍ»፣ «የመኪናው ቁልፍ የታለ» የተባለው ሁሉ፣ አንዳችም ሳይቀር በተከለከለው ቋንቋ ነበር። በዚሁ ቋንቋ ተሸክመን፣ በዚሁ ቋንቋ እየተጯጯህን፣ በፍሬን ታክሲ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ያለን በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልነግርዎትም።

4ኛ. እርስዎም ጩኸቱን ሰምተው ከፎቅ እየሮጡ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ነበር የወረዱት። መምህራችንን ወለሉ ላይ ሲያዩ ከአፍዎ የወጣውን ነገር ለጊዜው ልለፈው። ኮትዎን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ ከመምህራችን ራስ ሥር አደረጉት፤ እስከ ታክሲው ድረስም እግራቸውን ይዘው የተሸከሙት እርስዎ ነዎት። በዚያች ቅጽበት ወደድኩዎት። ይህችን ብቻ ያለ ሽሙጥ ነው የጻፍኳት።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳነበው ዓይኔን ነው የተጠራጠርኩት። ተቋሙን ሊገመግሙ የመጡት የውጭ አገር እንግዶች በዚያን ሰዓት ኮሪደሩ ላይ እንደነበሩና ከጀማሪዎች ክፍል የተከለከለ ቋንቋ ሲጮኽ ሰምተው ማዘናቸውን ተረድቻለሁ። እንግዳ ማስቀየም ደግ አይደለም። መምህራችን «በማስተማር ሥራ ላይ እያሉ በተማሪዎች ፊት በአፍ መፍቻ ቋንቋ በመናገራቸው» ከሥራ መታገዳቸውን፣ እትዬ ነርስም ረብሻ በማስነሣት ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው የሚያስረዳው ይህ ማስታወቂያ የተጻፈው በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው። ምናልባት ጉዳዩ ብርቱ ስለሆነ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንድንረዳው አስበው ይሆናል። መምህራችንም ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

5ኛ. መምህራችንን ቤታቸው ሄደን እንድንጠይቃቸው ምክንያት ስለሆኑን አመሰግናለሁ። ከእትዬ ነርስ ጋር ነው የሄድኩት። ባለቤታቸው በር ከፍተው እያስገቡን፣ ሐኪሙ እረፍት ያዘዘላቸው ሰው ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሲመላለስ እንደሚውል፣ ሐኪም ቤት ዓይናቸውን እንደገለጡም የጠየቁት ስለ ልባቸው ሳይሆን «ልጆቹ ሰሙኝ እንዴ?» ብለው መሆኑን በሹክሹክታ ነገሩን። ልጆቹ እኛ ነን። ሰውየው አፍረዋል፣ ክቡር ሆይ! ሞት ጉሮሯቸውን ሲይዛቸው በእናታቸው ቋንቋ በመጮኻቸው አፍረው፣ ነገ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ጥፋታቸውን ሊያምኑና ይቅርታ ሊጠይቁ ተዘጋጅተዋል። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። እርስዎ ቢያባርሯቸው በእርስዎ እናደዳለን፤ እሳቸው ራሳቸው ልክ ናቸው ካሉ ግን በማን እንናደድ?

እንዴት እንደሆኑ ብጠይቃቸው በአፋቸው አልመለሱልኝም። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ዝም አሉ። ወንበር እንዳልሆነ፣ ድካምም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ ነርስ ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ የደም ግፊታቸውን ለክተው ተነሥተን ወጣን።

6ኛውን ደግሜ ሳነበው ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሆን ስላልነበረ ቀድጄ ጥዬዋለሁ።

7ኛ. ስለ ተተኪዋ መምህርት አመሰግናለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጥፋቱም የሷ አይደለም። ነገር ግን ትናንት «ጉንፋን» የሚለውን ልታስተምረን አፏን በእጇ ሸፍና ሁለቴ ብትስል፣ ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። አንዱ መስኮት ከፈተ፣ እትዬ ነርስ የልብ ምቷን ሊለኩ እጇን ለቀም አደረጉ፣ ፍሬን ቁልፉን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ደንግጣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ደህና መሆኗን ልታስረዳን በጣም ብትጥርም፣ እያስመሰለች ይሁን ከምሯ ይሁን መለየት አቃተን። መምህራችን ከወደቁበት ቀን ወዲህ ማናችንም ወንበራችን ላይ ደልደል ብለን ተቀምጠን አናውቅም። እንቁነጠነጣለን። መምህር ቀና ባለ ቁጥር ቂጣችን ከወንበር ይነሣል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ልምምድ ከሆነ በእርግጥ ተዋጥቶልናል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። መምህራችንን ወደ ክፍላቸው ይመልሱልን። እሳቸውም ይቅርታ አይጠይቁ፣ ይቅርታ የሚጠየቁ ናቸው። ዘዴው ይፍረስ አላልኩም፤ ዶሮውንም ዝናቡንም እፈልገዋለሁ፣ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ነው። በደንብዎ ግርጌ ግን «የምር ሲሆን ሰው በመጣለት ቋንቋ ይጩኽ» የምትል አንዲት መስመር ይጨምሩልን። ለዚህች መስመር የሚሆን ቦታ ከሰሌዳው ላይ ካጡ ይህን ደብዳቤ አንሥተው ይጻፉበት፣ አልቀየምም።

የተቋሙን ክብር ከሰው ነፍስ አስበልጠው ለሚጠብቁት፣ ኮታቸው ግን ገና የጠመኔ አቧራ ላለበት ዳይሬክተራችን፣ ፍሪጃቸው ቢያስቸግራቸው ዛሬም ሌላ ጊዜም መሣሪያዬን ይዤ ለመምጣት ዝግጁ መሆኔን እየገለጽኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው
ፍሪጅ ጠጋኙ

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከላይ ለጊዜው ልለፈው ያልኩት ነገር ነበር። በዚያን ቀን በሩን በርግደው ገብተው መምህራችንን ወለሉ ላይ ሲያዩ፣ ክቡር ሆይ፣ «እማዬ ድረሽልኝ!» ነው ያሉት፤ ሁላችንም ሰምተናል። እንግዶቹም ሰምተዋል፣ ግን ቋንቋችንን ስለማያውቁ ማን ምን እንዳለ አልለዩም። እነዚሁ እንግዶች ነገ ኮሚቴው ላይ ተቀምጠው እኛን ተማሪዎቹን በእነሱ፣ እኛ በምንማረው ቋንቋ እንደሚጠይቁን ተነግሮናል። አይስጉ፣ አናሳፍርዎትም። «ዳይሬክተሩ ይጮኻሉ፤ ዳይሬክተሩ እናታቸውን ይጠራሉ» ለማለት የሚያስፈልጉት ቃላት በሙሉ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አሉ፤ በኅብረትም ተለማምደነዋል፣ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ነገ ዝም በሉ ለማለት ብለው እንኳ እጅዎን ከፍ እንዳያደርጉ አደራ፤ ጮክ ብለን እንደግመዋለን።