ወንዝ የለካሁበት ድንጋይ

ሰኞ

አልሻገርም ብያለሁ፣ አልሻገርም። ውሃው ቀልቷል። ግንድ ነቅሎ ይዞ ይወርዳል፤ ግንዱ ከድንጋይ ሲጋጭ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ቡናዬን ጭኜ ጠዋት ከቴፒ ወጣሁ፣ ሚዛን ሳልደርስ ይኸው ወንዙ ዳር ቆሜያለሁ። ድልድዩ ከተሰበረ ወዲህ በውሃው ውስጥ ነው የምናልፈው።

ባለመኪናው ደወለ። ድምፅ በደንብ የሚሰማው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ በጭቃ እየተንሸራተትኩ ወጣሁለት። «ቅዳሜ አዲስ አበባ መጋዘን ካልገባህ ቁልፉን ለሌላ ሹፌር አስረክብ» አለኝ። በልጅነቱ ጋቢናዬ ውስጥ ያስመለሰብኝ ልጅ ነው ዛሬ እንዲህ የሚለኝ።

የኛ የሹፌሮች ደንብ የታወቀ ነው። ወንዝ ዳር ቀድሞ የደረሰ ይለካል። እሱ እለፉ ሳይል ማንም ጎማውን አያረጥብም። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። መለኪያውም የኔ ነው። ድልድዩ በተሰበረ ጊዜ ትልቅ ድንጋይ አንከባልዬ መሻገሪያው መሃል ተከልኩ፣ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ራሱ ከታየ ይታለፋል። ካልታየ ወንዙ ይበላል። ሹፌር ሁሉ የጋሼ ወርቁ ድንጋይ ይለዋል።

ዛሬ አይታይም።

ማክሰኞ

ዝናቡ ቀጥሏል። ድንጋዩ አይታይም። ከኋላዬ የተሰለፉት እያጉረመረሙ ነው።

ከኔ ቀጥሎ ያለው ደምሴ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሙዝ ጭኗል፤ ሙዙ እየበሰለበት ነው፣ ሽታው እኔ ጋ ይመጣል። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ጋሼ ወርቁ፣ የምንጠብቀው ወንዙ እስኪጎድል ነው ወይስ ጡረታህ እስኪወጣ?» አለኝ። ሳቁ። ከዚያ ሞተር አስነስቶ ከሰልፉ ወጣ።

በሩን ከፍቼ በአንገትጌው ጎትቼ ጣልኩት። ሊነሳ ሲል በክሪክ ብረት ትከሻውን አልኩት። ተነስቶ በቡጢ አፌን መታኝ። ጭቃው ውስጥ ተንከባለልን። ሲገላግሉን ጣቱን ነክሼ ይዤ ነበር። አንድ ጥርስ ሄደ። ከቀሩኝ ጥቂቶች አንዱ ነበር።

ግን አልተሻገረም። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።

ረዳት ስለሌለኝ አፌን ያጠበልኝ የለም። ረዳቶቼን ሁሉ አባርሬያለሁ፤ የመጨረሻው በራሱ ሄደ።

ረቡዕ

ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተበታትኗል። በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋት ፊደል ለዚህ አልነበረችም። ግን ልጻፈው።

ጠዋት ዝናቡ አባራ። የድንጋዩ ነጭ ራስ ታየ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ።

ወንዙ ዳር የሚኖር ያዕቆብ የሚባል የሸኮ ሰው አለ። ቡና ያለማል፤ ወንዙ ሲሞላ ለቆምነው የተቀቀለ ጎደሬ ይሸጥልናል። ለብቻዬ ጠራኝና «ጋሼ፣ ድንጋዩ ቦታው የለም። የሌሊቱ ሙላት ገፍቶ ጠጠር ክምር ላይ አስቀመጠው። ውሃው አልጎደለም፣ ድንጋዩ ነው የወጣው» አለኝ።

«አንተ ጎደሬህን ሽጥ፣ ወንዙን ለኔ ተውልኝ» አልኩት።

ግን አየሁ። ድንጋዩ ወደ ሾላው ዛፍ ቀረብ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ብዬ ልዋሽ? ቀርቧል። ይህን ሁሉ ዘመን የለካሁበት ድንጋይ አሳሳተኝ ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት?

ደምሴ መጣ። ጣቱ በጨርቅ ታስሯል። «ይኸው ራሱን አወጣ። አሁንስ ምን ልትል ነው?» አለ። ሁሉም ያዩኛል። ምላሴ የጥርሴ ክፍተት ውስጥ ገባ።

«ጀግና ከሆንክ ቅደም» አልኩት። መኪናዬን ጠጋ አድርጌ መንገድ ለቀቅኩለት።

ወንዙ መሃል ሲደርስ የፊት ጎማው ድንገት ሰመጠ። ውሃው ከኋላ አንስቶ በጎኑ ገለበጠው። ሙዙ ወንዙን ሞላው። ደምሴ በመስኮት ሊወጣ ግማሽ አካሉን እንዳወጣ ግንድ መጥቶ በሩን እግሩ ላይ ደፈጠጠው። ጩኸቱ ከወንዙ በላይ ይሰማ ነበር።

ያዕቆብ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ከሱ ኋላ እኔ ገባሁ። አንድ ነገር ጎኔን መታኝ፣ ትንፋሼ ጠፋ፣ ገመዱን ግን አልለቀቅኩም። በሩን በክሪክ ብረት ፈልቅቀን አወጣነው። አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ወጥቷል።

ወደ ቴፒ መልሰው ወሰዱት።

ሐሙስ

ለመተንፈስ ጎኔ አይፈቅድም።

ሹፌሮቹ ዳቦና አረቄ አመጡልኝ። አንዱ «ደራሽ ውሃ ነው የገለበጠው፣ ጋሼ በትክክል ለክቶ ነበር» አለ። ሌላው «በዚህ ዕድሜው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሰው አወጣ» አለ። ዳቦውን በላሁ፣ አረቄውንም ጠጣሁ። ያዕቆብ ቆሞ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለመኪናው ደወለ። ሰው ወደቀ አልኩት። «የአይሱዙው ነገር አይመለከተኝም፣ አንተ ትሻገራለህ» አለ።

ድንጋዩ ነጭ ራሱን አውጥቶ ይታየኛል።

ዓርብ

የደምሴ ታላቅ ወንድም ካሳ በፒክአፕ መጣ። ደምሴ ከኋላ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ዛሬውኑ ጅማ ካልደረሰ እግሩ ይቆረጣል ብለውታል የቴፒ ሐኪሞች። በማሻ በኩል ያለውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል። ያለው ይኸው ወንዝ ነው።

ካሳ ትከሻዬን ሳመኝ። «ወንድሜን ከውሃ ያወጣህልኝ አንተ ነህ አሉኝ። አሁንም አንተው ለክተህ አሻግርልኝ፣ አባቴ» አለኝ።

አባቴ አለኝ። ባለቤቴ አስካለ ነፍሷን ይማርና «ወርቁ፣ አንተ ከምትሸነፍ ሰው ቢሞት ይሻልሃል» ትለኝ ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የምሰማት።

«ድንጋዩ ተነቅሏል። ያዕቆብ ረቡዕ ነግሮኛል። እያወቅኩ ነው ቅደም ያልኩት» አልኩ። ሁሉም ሰሙ።

ካሳ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በቡጢ አፍንጫዬን አለኝ። ወደቅኩ። የተመታ ጎኔን ረገጠኝ፤ ደገመኝ። ማንም አልገላገለም። እኔም እጄን አላነሳሁም። ያስቆመው ያዕቆብ ነው። «ግደለው፣ ግን ካሻገረ በኋላ። ከፍታ ያለው የሱ መኪና ብቻ ነው» አለው።

እውነቱን ነው። የኔ ፊያት ከፍ ያለ ነው፣ ቡናውም ከብዶ ከመሬት ያጣብቀዋል። ቡናው ግን ከሥር ይርሳል። ይራስ።

ደምሴን ጋቢና አስገባነው፤ ካሳ አቅፎ ያዘው። ያዕቆብ ከመሻገሪያው ከፍ ብሎ ከብቶቹን በሚያሻግርበት በኩል፣ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ በረጅም ቀርከሃ እየወጋ ከፊቴ ሄደ። ቀርከሃውን ወደ ቀኝ ሲያነሳ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያነሳ ወደ ግራ። በሕይወቴ በሌላ ሰው ምልክት መሪ ሳዞር የመጀመሪያዬ ነው። ውሃው በሩን እንደ ሰው ይደበድባል። አንደኛ ማርሽ፣ እግሬን ሳላነሳ። መሃል ላይ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ደምሴ ጮኸ፣ ከአፍንጫዬ የሚወርደው ደም መሪው ላይ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ እውነት አውቀህ ነው?» አለኝ ደምሴ እዚያው መሃል።

«አውቄ ነው።»

ጎማው ጠጠር ሲነካ የሸሚዜን እጅጌ ጨብጦ ይዞ ነበር። ለምን እንደያዘኝ አላወቅኩም።

ቅዳሜ

ሚዛን ነኝ። ደምሴን ትናንት እዚህ ስንደርስ አምቡላንስ ተረክቦት ወደ ጅማ ሄዷል። ካሳ ሲለየኝ አልተሰናበተኝም።

የቡናው የታችኛው ረድፍ ራሰ። ለባለመኪናው ነገርኩት። ሰው ልኮ ቁልፉን ወሰደ። ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሹፌሮች ደወሉ። ውሃው ቀንሷል፣ ድንጋዩ ደህና ይታያል፣ እንለፍ ወይ አሉኝ። ድንጋዩን በመዶሻ ስበሩት፣ ያዕቆብን ጠይቁ አልኳቸው። «ደንቡስ?» አለ አንዱ። ያዕቆብ ከሁላችንም ቀድሞ ነው እዚያ የደረሰው አልኩት።

ከጅማ እስካሁን አልተደወለም። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።