ክሮቹን ያላላሁበት ቤዝ ጊታር

አንለይ ልጄ፣

ጥፋቱ የአጎትህ የመምሬ ይሁኔ ነው። ከሁሉ በፊት ይህን ልጻፍ፤ ኋላ እጄ ሲደክም ልቤም ይራራና እተወዋለሁ። ወንድሜ ነው፣ ቄስ ነው፣ መስቀሉን ስስም ኖሬአለሁ። ቢሆንም ጥፋቱ የእሱ ነው።

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀረው። በዚህ መሀል አሮጊት እናትህ ፊደል ቆጠረች። አትሳቅ። ሉማሜ ከተማ አንዲት አስተማሪ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ሴቶችን ታስተምራለች ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። አንዷ ቀበጥ፣ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለማን ሊጽፉ ነው?» አለችኝ። «ለሞተ ሰው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ አልተቀመጠችም።

እውነቱን ለመናገር የተማርኩት ለመጻፍ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የላክህልኝ ዘጠኝ ደብዳቤዎች በሳጥኔ ውስጥ ነበሩ። ሁሉንም ያነበበልኝ አጎትህ ነው። በራፍ ላይ ቆሞ ዐይኑን ሮጥ ሮጥ ያደርግና፣ «ደህና ነው፣ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኗል፣ ሰላም በሉልኝ ይላል» ብሎ ያጥፈዋል። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ጸሐፊ ነው እያልኩ ኖርኩ። ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ ሁለት ገጽ እንዴት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልሸሽግህም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለማንበብ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። «እናቴ፣ ቤዝ ጊታር የሚባል መሣሪያ ገዛሁ፤ አሁን እንጀራዬ እሱ ነው» ይላል። አራት ወፋፍራም ክሮች አሉት፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚናገረው፣ ዘፋኙን ከሥር የሚሸከመው እሱ ነው ብለህ አስረድተኸኛል። መጀመሪያ አስመራ የነበረ የአንድ አሜሪካዊ ወታደር ንብረት መሆኑን፣ እሱ አገሩ ሲገባ ሆቴል ለሚጫወት ጣልያን መሸጡን፣ አንተም ከጣልያኑ መግዛትህን ሳይቀር ጽፈሃል። ከታች ደግሞ፣ «አጎቴ ሆይ፣ ቢቆጡም ለእናቴ እንዳለ ያንብቡላት» የሚል አለ። አላነበበልኝም።

ዘጠነኛው ላይ፣ «ሳሉ አልለቀቀኝም፣ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ፤ እናቴ፣ ብትመጪ ደስ ይለኛል» ይላል። አጎትህ ያን ደብዳቤ ይዞ የመጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጤፍ እያበጠርኩ ነበር። «ደህና ነው» አለኝ። ጤፌን ማበጠሬን ቀጠልኩ።

ራሴ ካነበብኩት በኋላ ሄጄ ጠየቅሁት። «የሚያልፍ ጉንፋን መስሎኝ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ሄደሽ አዝማሪ ሆኖ ብታገኚው ምን ልትሆኚ ነበር?» አለኝ። «አጠገቡ እሆን ነበር።» ይህን ያልኩት ግን ወደ ቤቴ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ለማንም ሳይሆን ለአጥሩ።

ስታርፍ ዕቃህን ያመጣው እሱ ነው። ቤዝ ጊታሩን ከነጥቁር ሳጥኑ አስረክቦኝ፣ «ጓደኛው አደራ ያስቀመጠበት ነው» አለኝ። መንገድ ላይ ሊጥለው ይችል ነበር። ለምን እንዳልጣለው አልነገረኝም፤ እኔም አላመሰግነውም።

አደራ ነው ብዬ ጠበቅሁት። አያትህ በገና ደርዳሪ ነበር፤ ሐዘን በገባበት ቤት የተወጠረ በገና አይሰቀልም እያለ ጅማቱን ያላላው ነበር። እኔም እንደ አባቴ አራቱንም ክሮች አላላኋቸው። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ቀባሁት። ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት። ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖረ።

ያንተ መሆኑን ካወቅሁ ወዲያ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከግድግዳ አውርጄ አልጋ ላይ፣ ከአልጋ ጎታ ሥር፣ መልሼ ግድግዳ ላይ። መሀሉ እንደ ማር ነው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር፤ ክንድህ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። እዚያ ላይ እጄን አደርግና እነሣለሁ። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ዘንድ ወሰድኩት። በጦር ሠራዊት ባንድ ያገለገለ፣ አሁን ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነው።

ክሩን ዳሰሰና ጣቱን አሸተተ። «እናቴ፣ ይህን ሊያስጫውቱት ነው ወይስ ሊጠብሱት?» አለ። ከዚያ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በጊታሩ አንገት ላይ ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«ክሮቹን ማን አላላቸው?»

«እኔ።»

«አንገቱ ውስጥ ብረት አለ፣ እናቴ። ክሮቹ ወደ ፊት ይስባሉ፣ ብረቱ ወደ ኋላ ይይዛል። ክሮቹን ሲያላሏቸው ብረቱ ብቻውን ቀረ። አንገቱን ያጎበጠው እሱ ነው።»

ጠበቅሁት ስል፣ ለካ እያጎበጥኩት ኖሬአለሁ።

ከጀርባው አራት ብሎን ፈትቶ አንገቱን ነቀለው። የተጋጠመበት እንጨት ላይ በእርሳስ ሁለት የፈረንጅ ስም ተጽፏል፤ ወታደሩና ጣልያኑ ይሆናሉ። ከእነሱ በታች በእኛ ፊደል የተጻፈ ነበር። ሃምሳ አለቃው ሊያነብልኝ አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁበት። ራሴ አነበብኩት። «አንለይ፣ ሙዚቀኛ» ይላል።

ብረቱን አላልቶ፣ ክሮቹን ወጥሮ፣ አንገቱ እስኪቃና ስድስት ሳምንት አቆየው። እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሁን ክሩ በደረቅ ጨርቅ እንደሚወለወል፣ ከምድጃ እንደሚርቅ፣ አንገቱ በዐይን እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። ያለቀ ዕለት ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ ወፍራሙን ክር ነካው። መደቡ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ በእግሬ ነው የገባው። ልጅ ሳለህ ባዶ እንስራ አፍ ውስጥ ታጉረመርም ነበር፤ «ተው ይህን ጉድ» እያልኩ እቆነጥጥህ ነበር። ያው ድምፅ ነው።

ባለፈው እሑድ አጎትህ መጣ። ደጅ ቆሞ፣ «ይህን የአዝማሪ ዕቃ ካላወጣሽ ለሙት ዓመቱ ቤትሽን አልረግጥም» አለኝ። ቀጥሎ ለስለስ ብሎ፣ «ሰውስ እንደሆነ ጸሐፊ መሆኑን ነው የሚያውቀው፤ እንደዚያው ቢቀር ምን ይጎዳሻል፣ እታለም?» አለ። ከሞትክ ወዲህ እታለም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ልቤ ሊመለስ ምንም አልቀረው። በሩን ዘጋሁት።

እሱ ካልመጣ ሌላ ቄስ እለምናለሁ። ጠላው ተጠንስሷል፤ ሰውም ተጠርቷል፤ ቤዝ ጊታርህን እንግዳ ሁሉ በሚያየው ቦታ አቆመዋለሁ። የማኅበር ሴቶች ይንሾካሾኩ ይሆናል። እኔም እየፈራሁ ነው፤ ይህን ስጽፍልህ አራት ጊዜ ተነሥቼ ደጅ ወጥቻለሁ። ግን እንጨቱ ላይ ራስህን ምን ብለህ እንደጠራህ አንብቤአለሁ። በሕይወት እስካለሁ ስምህን ባነሣሁ ቁጥር ሥራህንም አብሬ አነሣለሁ። ልጅሽ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ቄስም ይሁን ጎረቤት፣ ከእንግዲህ ጸሐፊ ነበር አልልም።