ያልቆረጥነው ዕጣ

ወንድምዓለም ሰላህ፣ አሰላሙ አለይኩም። ደልጊ ከነልጆችህ እንዴት ይዛሃለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ስልክ ስለሌለኝ ይህን በጀልባ ሰደድሁልህ። በቀደም ለባለቤቴ ለሙአዊያ «የጀልባ ሞተር በዕጣ ደርሶሃል፤ የባንክ ምስጢር ቁጥርህን ዛሬውኑ ላክ» የሚል ኢሜይል መጣለት። «ያልቆረጥነው ዕጣ እንዴት ይወጣልናል? መንጠቆ ነው፣ እንዳትውጠው» አልሁት። ስልኬን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው፤ መስተዋቱን በቡጢ አደቀቀው፤ መቅዘፊያውን ሰበረው። ጽሑፌ ቢንጋደድ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ ቀኙ ወድቄ ጀሶ ታስሮልኛል።

አሁን ተረጋግቷል። አዲስ መቅዘፊያ ገዝቶ ከበሩ ኋላ አቁሟል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «መኪና ደርሶሃል» የሚል ሌላ ኢሜይል መጥቶለታል። ውሸት መሆኑን አንተ መጥተህ ንገረው፤ እኔ አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

እናታችንን ሰላም በልልኝ፤ ስለ እጄ ግን እንዳትነግራት። አላህ በሕይወት ያገናኘን።

እህትህ ሰሚሐ፣ ከባሕር ዳር