ሴሎችሽን የቀሰቀሰው ሻይ

ውድ እታለም፣

ስልክ አላነሳ ብትዪኝ ጻፍኩልሽ። ጽሕፈቴን አይተሽ "ዶሮ የጫረው" ብለሽ ብትስቂ እንኳ ደስ ይለኛል።

ኩላሊቴን የሰጠሁሽ ሰሞን፣ ቁስላችን ሳይደርቅ ጎን ለጎን ተኝተን እንዴት እንደሳቅን ታስታውሻለሽ? ሳቁ ስፌታችንን እያሳመመን "ኧረ በቃሽ!" እንባባል ነበር። ከዚያ ግን ሁሉም "እንኳን ተረፍሽ" እያለ ሲደሰት አንቺ ጠፋሽ። መጋረጃ ሳትገልጪ መዋል ጀመርሽ። የስፌት መኪናሽ አቧራ ለበሰ። "ምን ሆንሽ?" ስልሽ "ምንም፣ ድካም ነው" ትዪኛለሽ። እኛም አመንን፤ የዳነ ሰው ይከፋዋል ብሎ ማን ያስባል?

ቅጠል ሻጯ ያንን ባለቢጫ አበባ ቅጠል የሰጠችሽ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። "ጭንቀት ያበርዳል፤ የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አይጎዳም" አለችሽ። ደግሞም ረድቶሻል! በስልክ ስታንጎራጉሪ ሰምቼ ፈንድቄ ነበር።

ከዚያ እግርሽ አበጠና አብረን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ የደም ውጤትሽን ይዛ ገባችና፣

"ከእኛ መድኃኒት ሌላ ምን ይወስዳሉ?" አለችሽ።

"ምንም። ሻይ ብቻ።"

"የምን ሻይ?"

ስትነግሪያት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምትውጪው ክኒን ነጭ የደም ሴሎችሽን አደብ ያስይዛል፤ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥረው እንዳይነሱበት ያደርጋል። ሻዩ ግን ጉበትሽ ክኒኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግደው አደረገ፤ ሴሎቹም ነቅተው ዘመቱበት፣ አለችን። አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ "ገደልኩት" አልሽ።

አልገደልሽውም። ጉልበቱ ቀንሷል እንጂ እየሠራ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሐኪሟ ከኩላሊትሽ መድኃኒት ጋር እንደማይጣላ አጣርታ ያዘዘችልሽን የድብርት ክኒን ሳትከፍቺው መሳቢያ ውስጥ እንደወረወርሽው ልጅሽ ነገረችኝ። "ደስ እንዲለኝ ብዬ አንዴ አጥፍቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሐዘኔን ችዬ እኖራለሁ" ብለሻታል አሉ።

እታለም፣ የሰጠሁሽ እንድትኖሪበት ነበር፤ እየተሳቀቅሽ እንድትጠብቂልኝ አይደለም። ያንን ሻይ የጠጣሽው መኖር ስላማረሽ ነው። በዚህ እኔ ልቀየምሽ?

ቅዳሜ እመጣለሁ። በር ካልከፈትሽ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ጎረቤት ቢታዘብ የምታፍሪው አንቺ ነሽ። ክኒኑን የምትጀምሪ ከሆነ አጠገብሽ ነኝ። አይ ካልሽም ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ መጋረጃውም እንደተዘጋ ይሁን።

ብቻ ክፈቺልኝ።

ታናሽሽ